ሽማግሌ ይዤ ካሳዬን ልቀበል ስሄድ

የኛ ሰው ሽማግሌ ያልገባበት ጉዳይ ያለቀ አይመስለውም። ለጋብቻ ሽማግሌ፣ ለፍቺ ሽማግሌ፣ የላይኛው ጎረቤት ውሃ በጣሪያችን ካንጠባጠበም ሽማግሌ። እዚህ እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ጠበቃው እንደ አሸዋ ፈሶ ሳለ፣ እኛ ግን ጋቢ የለበሰ ሰው መሃል ገብቶ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ካላለን እንቅልፍ አይወስደንም። ክፉ ልማድ ነው አላልኩም። እኔም ብሆን ባሌን ሦስቴ የመለሱልኝ እነሱ ናቸው፤ አንዱን ጊዜ ባይመልሱት ይሻል ነበር። ሽማግሌ እንደ በርበሬ ነው፤ ለአልጫ አይሆንም።

ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ የአንድ ካርቶን ፋብሪካ ወለል ስወለውል ኖሬያለሁ። የጀመርኩት ትንሿ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ነው፤ ዛሬ ወታደር ናት። እኛን የሚቀጥረው የጽዳት ድርጅት በየጊዜው ይቀያየራል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ ሸሚዛችንም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ መወልወያውና የሚያመኝ ጉልበቴ ግን ያው ናቸው።

ታዲያ አንድ ቀን አለቃችን፣ መናሄሌቷ፣ ሠራተኛ ልንቀንስ ነውና ለሺሙዓ ነይ አለችኝ። ሺሙዓ ማለት ከማባረራቸው በፊት «እስቲ አንቺም ተናገሪ» የሚሉበት ስብሰባ ነው። ሌላው ሰው ሲጠራ ያለቅሳል። እኔ በልቤ እልል አልኩ! ፒጹዪሜን፣ ራሱ ለለቀቀ የማይከፈለውን የስንብት ካሳዬን ማለቴ ነው፣ ተቀብዬ ከእህቴ ጋር ሽሮና ቅመም የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ ልከራይ፣ ጉልበቴም ይረፍ። ኪራዩን ሳይቀር ጠይቀን ጨርሰናል።

ያቀረቡልኝን ሂሳብ ሳየው ግን ደሜ ፈላ። የቆጠሩት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የአሁኑ ድርጅት ከገባ ወዲህ ያለውን። አራት ዓመት! ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት በአራት ዓመት ነው የዘመተችው?

ለዚችው ልጄ ደወልኩ። እኔ በአማርኛ አለቅሳለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። «ኢማ፣ የምትሠሪበት ቦታ አንድ እስከሆነ ድረስ ድርጅቱ ቢቀየርም ዓመቱ ይደመራል። የመጨረሻ ወር ደሞዝሽን በዓመቱ ሁሉ አባዢው።» አባዛሁት። ሳህን እያጠብኩ አባዛሁት፣ አውቶቡስ ውስጥ አባዛሁት፤ ያቀረቡልኝን ሦስት እጥፍ አለፈ። «ደግሞ ብቻሽን እንዳትገቢ፣ የሚከራከርልሽ ሰው ይዘሽ ግቢ» አለችኝ። እሷ ያሰበችው ጠበቃ ነው። እኔ የታየኝ አጎቴ አባ መንገሻ ናቸው።

አባ መንገሻ ደግሞ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰጉላ ራሷ ቀጥ ብላ ቆመች። መናሄሌቷ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ለእኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰጥታኝ አታውቅም። ተቀመጥን። ሂሳቤን ነገርኳት። ሂሳብ ሹሙን ጠራችው፤ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ አንገቱን አከከ፣ በመጨረሻም «ልክ ናት» አለ። ሴትዮዋ ፊቷ ዓመድ መሰለ።

አያችሁ፣ ያኔ ብንነሳ ኖሮ ዛሬ ሽሮ ሻጭ ነበርኩ። ነገር ግን አባ መንገሻ ገና አልተናገሩም። በአውቶቡስ ተጉዞ መጥቶ ሳይናገር የሚመለስ ሽማግሌ የት ይገኛል?

ተነሡ። ሁለቱም ተከትለው ተነሡ። «ልጆቼ» አሉ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ «ገንዘብማ ያልቃል። ይህን ያህል ዘመን እንጀራ አብራችሁ በልታችሁ እንዲህ መለያየት ነውር አይደለም? አንቺም መልሻት፣ እሷም ትመለስ። ይቅር ለእግዜር ተባባሉ።»

መናሄሌቷ ሂሳቡን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ እንደገና ሂሳቡን አየች። ዓይኗ በራ። «እውነታቸውን ነው! እኛ ሚሽፓኻ ነን፣ ቤተሰብ! አናሰናብታትም፣ ትቆይ!»

እኔ በጎን «አባባ፣ ኧረ ሱቁ!» እላለሁ። «እሺ በይ እንጂ ልጄ፣ ቆመን እኮ ነው» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ የምትል ሴት የማን ልጅ ትባላለች? እሺ አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ መርቀውኝ ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አውቶቡስ ውስጥ እህቴ «ስንት ሰጡሽ?» ብላ ስትደውል ስልኩን ዘጋሁባት። ማታ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው፣ ዋሽቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ስወለውል መናሄሌቷ እየሳቀች መጣች። «ማማ፣ የዚያን ደግ ሰውዬ ስልክ ስጪኝማ። በዚህ ሳምንት ሌሎች አምስት ሰዎች ለሺሙዓ ይገባሉ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሞተዋል አልኳት።