የመንበሩ ጀርባ ጣዎሶች

ሰው የማያየውን ነገር በማሳመር እኛን የሚያክል የለም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ከመንበሩ ጀርባ የሚቆመውን የተቀረጸ ጌጠኛ እንጨት ውሰዱት። ከካህናት በቀር ማንም እዚያ ስለማይገባ እናንተም እኔም እስክንሞት አናየውም፤ ግን አሠሩ ስንባል እናሠራለን። “መንበር” የሚለውን ቃል የኔታን ብትጠይቋቸው “ነበረ” ከሚል ግዕዝ የወጣ ነው፣ መቀመጫ ማለት ነው ይሏችኋል። አናጢያችን ሰይድ ደግሞ መስጊዳችንም ውስጥ ኢማሙ የሚሰብክበት ሚንበር አለ፣ ከኛ ወስዳችሁ ነው ይላል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ለሁለቱም አዎ እላለሁ። ሁለቱም ጋ ሻይ እጠጣለሁ።

የእህቴ ልጅ የሺ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ላከችና ለደብራችን ይህን የመንበር ጀርባ ጌጥ አሠራች። መካነ ሰላም ውስጥ ከሰይድ የተሻለ እጅ ስለሌለ ቀሳውስቱ ሥራውን ለሱ ሰጡት። የኔ ድርሻ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ መቅደስ ሳይገባ ፎቶ አንስቼ መላክ። የሺ ያን ፎቶ ካላየች መቼም አታየውማ!

አርብ ቀን ሄድኩ። ሰይድ አናጢ ቤቱን ክፍት ትቶ ጁምዓ ሄዷል። ሁለት የተቀረጹ እንጨቶች ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ሌላው ላይ ሁለት ጣዎሶች ጅራታቸውን ዘርግተው ያበራሉ። ማን እንጨት ሲያገላብጥ ይውላል? ይሄን ያህል ያማረ የእግዚአብሔር ካልሆነ የማን ሊሆን ነው አልኩና አንስቼ ላክሁ።

የሺ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጓዳ ውስጥ ስልኳን ከፍታ ጸለየችበት። ለጓደኞቿም አከፋፈለች።

አገሯ በገባች በሦስተኛው ሳምንት እሷ በሌለችበት የተጋቡ ጎረቤት ሙሽሮች ልትጠይቅ ሄደች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጣዎሶቹ አልጋ ራስጌ ላይ ቆመዋል። አንዱ አንገት ላይ የሙሽራው ካልሲ ተንጠልጥሏል።

በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። አልጮኸችም፤ እሱ ነው የከፋው።

“ጋሼ፣ የኔ ልፋት የሰው አልጋ ሆነ?”

ፎቶው ነው የተሳሳተው እንጂ ያንቺው መቅደስ ገብቷል ብዬ በሚካኤል ማልኩ። ማተቤን ይዤ ማልኩ። ቄሱም “ገብቷል ልጄ” አሏት፤ ግን አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ እሳቸውንም ተጠራጠረች። መጨረሻ ሰይድ ጋ ሄድን። ታሪኩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን አቆመ።

“ወላሂ የሺ፣ በእጄ ሠርቼ በእጄ ነው ያስረከብኩት። ዘጠኝ መስቀል አለው፣ ዙሪያውን የወይን ሐረግ። ሦስተኛው መስቀል ላይ መሮው አዳለጠኝ፣ ይኸው።”

አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካ አደረገችው። አመነች። ማተብ ይዞ የሚምል አጎቷ እያለ የሰይድን ወላሂ! ለነገሩ እኔም ብሆን እሱን ነበር የማምነው።

ጣጣው የጅዳ ጓደኞቿ ናቸው። አንዷ በጣዎሶቹ ፊት ለምና የመኖሪያ ወረቀቷ አለቀላት፤ ሌላዋ ክፉ አሠሪዋን ለቃ ደግ አገኘች። የሺ “እውነቱን እርስዎ ይንገሯቸው፣ ያመጡት እርስዎ ነዎት” አለችኝ። ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት “ጋሼ፣ ሌላም ካለ ይላኩልን” ብለው ተንጫጩብኝ። እኔ ደግሞ የሰው ልብ መስበር አልችልበትም።

ትናንት ሰይድ ጋ ሄድኩ። የነበረው አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ነው።

ፎቶ አነሳሁት።