ባለ ቁጥሩ ቆሮሶ

ቁጥር የተጻፈበትን ነገር ሁሉ የሚያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አዳማ ውስጥ አንድ ዓሣ ቤት ሙሉ አግኝቻለሁ።

ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ የሚያጠኑ አንድ ዶክተር አሉ። ቆሮሶ የሚባሉ የተወሰኑ ዓሣዎች ጀርባ ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ፕላስቲክ አሰሩና መልሰው ለቀቋቸው። ዓሣው ዳግም ሲያዝ ፕላስቲኩ ይመለስላቸዋል፣ እሳቸውም ያሰላሉ። ታዲያ ባለ ቁጥሮቹ ዓሣ ቤት ሲደርሱ ደንበኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይሄማ መንግሥት የመረመረው ነው።" ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሌለው ዓሣ የሚነካ ጠፋ። አልዋሽም፣ እኔም ቁጥሩን ሳላይ አልጎርስም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ዶክተሩ ፕላስቲኮቻቸውን ሊሰበስቡ መጡ። የቤቱ ባለቤት አዴ ጫልቱ አንድ ሳፋ ሙሉ አቀረቡላቸው። ዶክተሩ ሲያገላብጡ ቆዩና፣

"አዴ ጫልቱ፣ እኔ እኮ ያሰርኩት ሁለት መቶ ብቻ ነው። ይሄ ዘጠኝ መቶ አርባ ይላል" አሉ።

አዴ ጫልቱ ቢጫውን የዘይት ጀሪካን የሚቆርጡበትን መቀስ አስቀመጡ።

"አዎ፣ እርስዎ ያልደረሱባቸውን እኛ መዝግበንልዎት ነው።"