ሦስት ሴንቲ ያጠረው ሣጥን

እኛ ሰዎች የምንወደውን ዕቃ እንዴት እንደምንቀጣው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ግድ የማይሰጠን ማንኪያ ከሳህን ሳህን እየዞረ፣ ወጥ እየቀመሰ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሲጫወት ይውላል። የምንወደው የሻይ ስኒ ግን ገና ከካርቶኑ ከመውጣቱ ቡፌ ውስጥ ይገባና ይቆለፍበታል። ጥፋቱ ማማሩ ነው። እናቴ ቡፌ ውስጥ ስድስት ባለ ወርቅ ቀለም ብርጭቆዎች አሉ። እኔ ስወለድ እዚያው ነበሩ፤ ዛሬ የእኔ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እነሱ ግን እስካሁን ውሃ ምን እንደሚመስል አያውቁም። ለእንግዳ ነው ይባላል። ስንት እንግዳ መጥቶ በላስቲክ ኩባያ ጠጥቶ ሄደ፤ ያ የሚጠበቀው እንግዳ ማን እንደሆነ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት።

ይህን የማወራው ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳይመስላችሁ። እኔም ባለፈው ዓመት አንድ የምወደውን ዕቃ ባለ መስታወት ሣጥን ሠርቼ ላስርበት ተነስቼ ነበር።

አባቴ አናጺ ነበር። አዲስ አበባ ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ጋራዦቹ ከተደረደሩበት መንገድ ገባ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሰፈሩን በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ አረፈ። መጋዙም መላጊያውም አብረውት ለሠሩት ለጋሽ መኮንን ቀሩ። እኔ የደረሰኝ አንድ ተጣጣፊ የእንጨት ሜትር ብቻ ነው፤ ያ አሥር ቦታ የሚታጠፈው፣ ቢጫ ቀለሙ ከእጅ ብዛት የለቀቀው። ጫፉ ተሰብሯል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባሉት ቁጥሮች የሉትም፤ ከአራት ነው የሚጀምረው። አባቴ ግን ሌላ ሜትር ይዞ አይቼው አላውቅም። በር ሲለካ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር ያጉተመትማል። ልጅ ሳለሁ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ይመስለኝ ነበር የምለው ጠጋ ብዬ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው። አባቴ መሣሪያ አያስነካኝም ነበር። የጎረቤት ልጆች መላጊያ ይዘው ሲገፉ ዝም ይላል፤ እኔ እጄን ወደ መጋዙ ከዘረጋሁ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። «ተው አንተ! ሂድ ደብተርህን ያዝ!» ይለኛል። ይህ ልጅ እጁ ለምንም እንደማይሆን ገና በጠዋቱ ታይቶታል ብዬ ደመደምኩ። ደብተሬን ያዝኩ፤ እሱም ይዞኝ ሄዶ ሄዶ አንድ መሥሪያ ቤት አደረሰኝ። እዚያ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። አባቴን «እጄ ምን ሆኖብህ ነው?» ብዬ ሳልጠይቀው ሞተ። ሰው ሲሞት ብዙ ነገር ይቆጫል፤ እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ታዲያ ለእህቴ ለትዕግስት ደወልኩና ለሜትሩ ማስቀመጫ የሚሆን ጌጠኛ ሣጥን እንደምሠራ፣ በዕለቱም በእናታችን ፊት ሜትሩን አስገብቼ ግድግዳው ላይ እንደምሰቅለው ነገርኳት።

«ታሠራለህ ማለትህ ነው» አለችኝ።

«እሠራለሁ። በገዛ እጄ።»

ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ ነው። እህቴ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር ስመታ አይታኛለችና አልፈርድባትም። እኔ ግን ቆርጫለሁ። ይህን አንድ ሣጥን አሳምሬ ከሠራሁ አባቴ በእጄ ላይ የፈረደውን ፍርድ እሽራለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ሥራው በዲዛይን ተጀመረ። ጥፋቴ ንድፉን መሥሪያ ቤት መሣሌ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ መስመር ያሰመረ ሰው አስተያየት ሳይሰበስብ አይነሳም። አንደኛው የኢትዮጵያ ካርታ ይቀረጽበት አለ። ሌላው ውስጡ መብራት ይግባለት፣ ቀለሙም ይቀያየር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን ልጡ ያልተላጠ ግንድ ይሁን፣ ተፈጥሮ ነው አለ። በቅርብ የተቀጠረችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ሲምፕል አድርገው፤ ሚኒማል ነገር ነው ደስ የሚለው» አለችኝ። እኔ የቃለ ጉባኤ ሰው ነኝ፤ የማንንም ሐሳብ መጣል አይሆንልኝም። ሁሉንም አስገባሁ። ጨርሼ ሳየው የሣልኩት ቡፌ ነበር።

ቀደድኩትና ሌላ ሣልኩ። የዋንዛ እንጨት፣ የመስታወት ክዳን፣ በክዳኑ ዙሪያ በድሮ የብራና መጻሕፍት አናት ላይ እንደምናየው ዓይነት ቀጭን ሐረግ፣ ውስጡ ቀይ ከፋይ። በቃ።

ጋሽ መኮንን ጋ የሄድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያመጣሁትን ወረቀት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጥግ ላይ ከተደገፉት ጣውላዎች ኋላ ገብተው አንድ አቧራ የለበሰ ዋንዛ አወጡ።

«ይህቺን አባትህ ለደህና ሥራ ብሎ ያቆያት ናት» አሉኝ። «አደራ፣ እንዳታበላሻት።»

መጀመሪያ የሣጥኑን ልክ ለማወቅ ሜትሩን መለካት ነበረብኝ። እናንተስ ሜትር በምን ይለካል ትላላችሁ? በራሱ አይለካም፤ ለብዙ ደቂቃ ሞክሬዋለሁ። ጋሽ መኮንን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በመጨረሻ የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ከቦርሳዬ አወጣሁና የታጠፈውን ሜትር ለካሁት፤ ሃያ አራት ሴንቲ። ለመተንፈሻ አንድ ጨመርኩለት፤ የሣጥኑ ውስጥ ሃያ አምስት ይሁን ብዬ ጻፍኩ።

ጣውላው ላይ ምልክት የማድረጉ ጊዜ ሲደርስ ጋሽ መኮንን የብረት ሜትራቸውን ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልኩ። ደረቴን ነፍቼ «በአባቴ ሜትር ነው የምለካው» አልኳቸው።

ሜትራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ጥሩ። ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ምኑን እንደማውቅ አልጠየቅሁም። ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ምስጥ ካበላሸው እንጨት ይልቅ «አውቃለሁ» ያበላሸው ይበልጣል። አላውቅም ማለት አንዲት ትንፋሽ ነበር የሚፈጀው፤ ግን የአናጺ ልጅ፣ ያውም ወሰን መሃል፣ እንዴት ብሎ አላውቅም ይላል? ጋሽ መኮንንም የአባቱ ልጅ ነው ብለው አመኑኝና በር ሊገጥሙ ወደ ኮተቤ ሄዱ።

አራት ቅዳሜ ሠራሁ። መጋዙ ቀኝ ስለው ግራ ሲሄድብኝ፣ መላጊያው ሲነክስ ሲለቅ፣ ሐረጉ መጀመሪያ ላይ ትል መስሎ ኋላ ላይ ሐረግ ሲመስል፣ መዳፌም ውሃ ሲቋጥር ከረመ። ግን ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ። እንጨቱ ሲላግ የሚወጣው ሽታ የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሥራዬን አቁሜ አልቅሻለሁ። ሁሉም ቁራጭ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ደግሞ ተአምር አየሁ። ወለሉ ከጎኑ፣ ጎኑ ከክዳኑ ያለ አንዳች ክርክር ገጠመ። ጋሽ መኮንን ማዕዘኑን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ልክ ነው» ሲሉኝ በደስታ የምይዘውን አጣሁ። ሜትሩን አስገብቼ እንኳ አልሞከርኩትም። የመጀመሪያው በእናቴ ፊት ይሆናላ!

የሙት ዓመቱ ዕለት ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ረዳቱ «ወንበር ሥር አድርጋት» ቢለኝ ተቆጥቼው፣ ከፌርማታው እናቴ ቤት ድረስ ያለውን የእንጦጦን ግርጌ ዳገት እያለከለክሁ ወጣሁ። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ዘመድ ዙሪያውን እንደተቀመጠ ነጠላውን ገለጥኩ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉ ቄሱ። አክስቶቼ ሐረጉን እየዳሰሱ ተቀባበሉት። ትዕግስት ምንም አላለችም፤ ከእሷ ዝምታ ትልቅ ሽልማት ነው። እኔም ሜትሩን ከኮቴ ኪስ አወጣሁና፣ ሁሉም እያየኝ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ከፋዩ አወረድኩት።

አልገባም።

ገፋ አደረግሁት። በሰያፍ ሞከርኩት። ገልብጬ ሞከርኩት። አንዱ ጫፍ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አጎቴ ለመፍትሔ ቸኩለው «ሜትሩን ትንሽ ብንቆርጠውስ?» አሉ። ጋሽ መኮንን ከጥግ አንገታቸውን አወጡና በቀስታ ጠየቁኝ።

«ሦስት ጨምረሃል?»

እናንተ ገና ድሮ ገብቷችኋል፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሜትሩ ጫፉ የለም። ሃያ አምስት የሚለው ቁጥር ላይ ምልክት ካደረግሁ የምቆርጠው ሃያ ሁለት ነው። አባቴ ሲለካ ሦስት ይቀንሳል፣ ሲቆርጥ ሦስት ይጨምራል፤ ያ ጸሎት የመሰለኝ ማጉተምተም ይኸው ነበር። እኔ የቆረጥኩት ቁራጭ ሁሉ ሦስት ሦስት ሴንቲ አጥሯል። ሁሉም እኩል ስለተሳሳቱ እርስ በርሳቸው ያለ ክርክር ተስማሙ። ይህን ዓይነቱን ስምምነት ከስብሰባ አውቀዋለሁ፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ስንቴ ጽፌዋለሁ።

የአባቴ ፍርድ በዘመድ አዝማድ ፊት ጸና ብዬ ሣጥኑን በነጠላው መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ። ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ቁልፍ ፈታች፤ ቡፌውን ከፈተች፤ እነዚያን ስድስት ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አወጣችና ከኋላቸው አንዲት አሮጌ የክብሪት ቀፎ አንስታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ከፈትኩት። ውስጡ ሦስት ሴንቲ የምታህል ቢጫ የእንጨት ስባሪ አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ሦስት ዓመትህ ነበር» አለችኝ። «ሜትሩን አጥፈህ ስትጫወት ጣትህ መሃሉ ገብቶ ተነከሰ። ደምህ ወረደ፤ ጩኸትህ ሰፈሩን አናጋው። አባትህ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ሰብሮ ነው ያወጣልህ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ አጠገብ ስትደርስ እሱ እኮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ይህ ልጅ ብቻ ጣቱን ይዞ ይደግልኝ› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ አዲስ ሜትር ለምን አልገዛም?» አልኳት።

«ስንቴ ነግሬዋለሁ! ‹ሦስት መደመር አያቅተኝም› ይለኛል።»

በትንሿ ጣቴ ላይ አንዲት ቀጭን ጠባሳ አለች። ከተወለድኩ ጀምሮ ያለች ትመስለኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አባቴ እጄን የናቀው እየመሰለኝ ተቀይሜዋለሁ፤ እሱ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ በየበሩና በየመስኮቱ ላይ ጣቴን እየደመረና እየቀነሰ ኖሯል። አለቀስኩ፤ ቄሱም ቀና ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ስባሪዋን ከፋዩ ላይ አስቀመጥናት። ለሜትሩ የጠበበው ሣጥን ለእሷ በጣም ሰፋ፤ ግን ማንም ይስተካከል አላለም። እናቴ ክዳኑን ዘጋች፣ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ወለወለች፤ ግድግዳው ላይ ልትሰቅለው ነው ብዬ ሚስማር ስፈልግ ቡፌው ውስጥ አስገባችና፣ ብርጭቆዎቹን ከፊቱ ደርድራ፣ ቆለፈችበት። የቤታችን ሕግ ነው፤ ምን ይባላል።

«ሜትሩስ?» አልኳት፤ እጄ ላይ እንደቀረ።

«እሱማ ሥራ አለበት» አለችኝ። «የጓዳው በር አልዘጋ ካለ ዓመት አለፈው፤ አባትህ ነበር አዲስ እሠራለሁ ያለኝ። ተነስና ለካልኝ።»

ዘመዶቼ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጋሽ መኮንን አልተነሱም፤ እንዳልፍ ወንበራቸውን ብቻ ጠጋ አደረጉልኝ። ኮቴን አውልቄ ወደ ጓዳው ሄድኩ፤ ሜትሩን ከበሩ መቃን ላይ አስጠጋሁና ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሦስት ቀነስኩ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ አድርሻለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል።

«ስታጥፈው» አለችኝ፣ «ጣትህን ጠብቅ።»