አምስት ማንኪያ ለኬና

ወንድ ልጅ ዲግሪ ከያዘ በኋላ የማያውቀው ነገር እንዳለ ማመን ያቅተዋል። የማወራው ስለ ራሴ ነውና ማንም አይቀየመኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ነቀምቴ ከመጣሁ አስር ዓመቴ ነው፤ አስር ዓመት ሙሉ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ የሰው ልጅ አሲድ በጠብታ እንዲለካ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ታዲያ ጡጦ ማዘጋጀት ምኑ ያቅታል?

ባለቤቴ ለሊሴ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ጉቴ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቷ በተመለሰች ቀን፣ ጎረቤታችን አዴ ቦንቱ ያግዙህ ብትለኝ ተቆጣሁ። እሳቸው ገበያ ላይ ባቄላ የሚሰፍሩ ሴትዮ ናቸው፣ ይሄ የሕፃን ወተት ነው አልኳት። እንደ ልማዷ አልተከራከረችኝም። ለአንድ ጡጦ ውሃ አምስት ማንኪያ ዱቄት፣ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ፤ ቢበዛም ቢያንስም ልጁን ይጎዳል አለችኝ። ጣሳው ውስጥ የቀረው ለሦስት ጡጦ ብቻ ነበር። የከተማው ፋርማሲዎች ስለጨረሱ ከጉቴ ፈልጌ ለምሳ ይዤ እመጣለሁ ብላ ሄደች።

ረፋዱ ላይ የአራት ወሩ ኬና ተርቦ መነጫነጭ ጀመረ። መብራት ስለሌለ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ውሃ አፈላሁ፣ ጡጦውን ቀቀልኩ፣ እጄን እንደ ቀዶ ሐኪም እስከ ክርኔ ታጠብኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ይሄኔ ኦቦ ቶለሳ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። “አካም ቡልተን?” እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

ወለጋን የማያውቅ ሰው ሰላምታ አንድ ቃል ይመስለዋል። እዚህ ሰላምታ ምርመራ ነው። ቤቱ ደህና ነው? ልጁስ? እናቱስ? ጎጃም ያሉትስ? ከብቶቹስ? ከብት የለኝም፤ ቢሆንም ደህና ናቸው አልኳቸው። ለሽማግሌ ምን ይባላል? መርቀውኝ ሲሄዱ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሦስት ነበር ወይስ አራት? ሳይንስ በግምት አይሠራም ብዬ ደፋሁት። ኬናም ጩኸቱን ለቀቀው።

ሁለተኛውን ስጀምር፣ ማንም ቢመጣ አፌን አልከፍትም ብዬ ቆረጥኩ። ኦቦ ቶለሳ ከሱቅ ሲመለሱ እንደገና ሰላም አሉኝ። ዝም። ደገሙልኝ። ፍጥጥ ብዬ አየኋቸውና በልቤ አራት አልኩ። ሽማግሌው ክው ብለው ሄዱ። እኔ ግን አምስቱንም ጨርሼ፣ ጡጦውን በጥብጬ፣ እንዲበርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሜ ስኮራ ነበር። ለካ አስር ዓመት ሰላምታ ሲመልስ የኖረ ሰው ዝም ካለ፣ ልጁም እዬዬ የሚል ከሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታሰበው፦ ከጎጃም መርዶ መጥቶበታል! ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ በረንዳዬን ሞላው። አንዷ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ጡጦው ተደፋ። የሞተ የለም፣ ዱቄት እየቆጠርኩ ነው እላለሁ፤ ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል ይባባላሉ።

የቀረኝ አንድ ጡጦ ነው፤ ልጄ ድምፁ ሰልሏል። አዴ ቦንቱ ከለቀስተኞቹ መሀል ወጥተው ማንኪያውን ተቀበሉኝ። ከመቀነታቸው አምስት ፍሬ ባቄላ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንድ ማንኪያ በጨመሩ ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋሉ፤ በመሀል ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ሰላምታውን እስከ መጨረሻዋ ጥጃ ይመልሳሉ። አምስተኛው ባቄላ ሲሻገር ወተቱ ደረሰ። አብርደው፣ እጃቸው ላይ ጠብ አድርገው ሞክረው፣ ለኬና ሰጡት።

ልጄ ዝም ብሎ ሲጠባ ሳይ፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ይሄን ያዩ ለቀስተኞች ደግሞ አሁን ገና ሐዘኑ ወጣለት ብለው እንደ አዲስ አብረውኝ አለቀሱ።

ለሊሴ አዲሱን ጣሳ ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። የተዘቀዘቀውን ነጠላና የእኔን እንባ ስታይ ጣሳውን ከነፌስታሉ ለቀቀችው። ማን ነው የሞተው ብላ ጮኸች። ኦቦ ቶለሳ እስከዚያ ድረስ ከአዴ ቦንቱ ነገሩን ሰምተው ነበርና ክንዷን ይዘው አረጋጓት።

“አይዞሽ ልጄ፣ ማንም አልሞተም። ባልሽ እስከ አምስት እየቆጠረ ነበር።”