እንግዳውን ማን ያጥፋው?

እንግዳ ማስወጣት ትችሉበታላችሁ? እኔ አልችልበትም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው የምኖረው። ግን የመጣ ሰው ብድግ ሲል አፌ ይቀድመኛል፤ «ወዴት ነው? አረፍ በሉ እንጂ!» ይላል። እኔን ሳያማክር!

ጋሽ በዳዳንም ያስቀራቸው ይሄው አፌ ነው። የባለቤቴ አጎት ናቸው። ለዓይን ሕክምና ከሰበታ መጡ። ዓይናቸው ዳነ፣ መነጽር ተሠራላቸው፣ ሶፋችን ላይ ቀሩ። ታዲያ አዲስ መነጽር ነውና ያገኙትን ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። የዘይት ጀሪካን ያነባሉ፤ የሳሙና ልጣፍ ያነባሉ፤ ቲቪው ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይቀሩም። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ይባል የለ? ጋሽ በዳዳ መዳቡንም አልፈዋል።

ግን የማወራችሁ ስለ እሳቸው አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ስላለው እንግዳ ነው። (ምን ያስቅሻል ቃል? እንዳልኩሽ ጻፊ!)

ቃል ይቺ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። የተማረችው ኮምፒውተር ነው። እኔ ደግሞ መካኒሳ አቦ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ። ጥልፍ ማሽኔ አመለኛ ነው፤ የሚታዘዘው ለአንድ አሮጌ ፕሮግራም ብቻ። ፕሮግራሙም አመለኛ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ አያውቅም። ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጭስ አለና አረፈ።

ቃል አዲስ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣችና አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ ላፕቶፑ ውስጥ አስገባልሻለሁ አለችኝ። እንዴት ተደርጎ? ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ አዲሱ ኮምፒውተር አሮጌ መስሎ ይሠራል አለች። አስመሳይ ነው በይኛ! አስመሳይማ ሰፈራችንም ሞልቷል። የኛዎቹ አሮጌ ሆነው አዲስ የሚመስሉ ናቸው እንጂ።

እውነትም ሠራ። መልኩ ግን አይጣል ነው! ጽሑፉ እንግሊዝኛ፣ ያውም የጉንዳን እግር የሚያህል። «ቆይ፣ ገጽታውን ላሻሽልልሽ» አለችና ቃል ሁሉንም በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በቀለም በቀለም አደረገችልኝ። አሮጌው ኮምፒውተር «እንግዳ» ይባላል፣ የሚያስተናግደው ላፕቶፑ ነው ብላም አስረዳችኝ። ወግ ያለው ነገር ነው አልኩ፤ ደስ አለኝ።

ማምሻውን ሥራዬን ጨርሼ ልዘጋ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ቀይ ቁልፍ፦ «እንግዳውን አጥፋ»።

እናንተ ብትሆኑ ትጫኑታላችሁ? ኧረ በስመ አብ! እንግዳ አጥፋ? ከጎኑ ደግሞ ሰማያዊ አለ፤ «እንግዳውን አስተኛ» ይላል። እንዲህ ነው እንጂ የሰው ወግ! እሱን ተጫንኩ። በየቀኑም ሥራ ስጨርስ አስተኛዋለሁ።

አንድ ቀን ቃል ላፕቶፑን ከፍታ ጮኸች። ለካ ባስተኛሁት ቁጥር የዕለቱን ሥራ እንዳለ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ላፕቶፑ በተኛ እንግዳ ጢም ብሎ የለቅሶ ቤት መስሏል። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ መብራት እንደማጥፋት ነው! ማሽን ይቀየማል እንዴ?» አለችኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አልኳት። ተረትሽን ተይና የተኙትን አስወግጂ ብላኝ ሄደች። የተኛ እንዴት ይወገዳል? ተውኳቸው።

በዚያው ሳምንት የሂሩት ሠርግ ደረሰ። ሂሩት እናቷ የሞቱባት ልጅ ናት። የእናቷን የሠርግ ቀሚስ ይዛ መጥታ ነበር፤ «እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ጥለት የኔ ቀሚስ ላይ ይግባልኝ፤ እማዬ አብራኝ የቆመች ይመስለኛል» ብላኝ። ጨርቁ አርጅቶ ስነካው ይበተናል። ጥለቱ የቅጠል ሐረግ ነው፤ እንደ ምንም ቅጠል በቅጠል ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥኩት። ስጨርስ ጥለቱ እዚያው ብቻ ቀረ፤ ጨርቁማ ክር ሆነ።

የመጨረሻዋን ቅጠል አስተካክዬ እንዳበቃሁ የቃል ቁጣ ትዝ አለኝ። ዛሬስ እሺ፣ ላጥፋው። ስፈልግ ሁለት «አጥፋ» አለ። አንዱ ያ ቀዩ ነው። ሌላው ትንሽ ነው፣ ከጎኑ የዘንቢል ሥዕል አለበት። ጎሽ፣ አልኩ፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፣ ስንቅ ይያዝ! ዘንቢሉን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። በስንቅ ማን ይጠራጠራል? «እሺ!»

ለካ ዘንቢል አይደለም፤ የቆሻሻ ቅርጫት ነው! መብራትም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋል፤ ሁሉም በአማርኛ «አጥፋ» ነዋ! በማግስቱ ሂሩት ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ተቀምጣ ብከፍተው ባዶ። ፕሮግራሙ የለ፣ ጥለቱ የለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ምን ልልቀም? ብደውልላት ቃል ከነፋስ ስልክ በታክሲ በረረች። አይታ እሷም ፊቷ አመድ መሰለ። ሂሩት ያን የእናቷን ክር ጭኗ ላይ አድርጋ ትደባብሳለች። ብትጮህብኝ በተሻለኝ!

ድንገት ቃል፣ አክስቴ የተኙትን አስወግደሻል ወይ አለችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ክር መጠቅለል ጀመርኩ። «ንገሪኛ!» አላስወገድኩም አልኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራት! መጨረሻ የተኛውን እንግዳ ቀሰቀሰችው። ጥለቱ ቁጭ! የጎደለችው ያቺ የመጨረሻ ቅጠል ብቻ ናት። ሂሩት ስክሪኑን በጣቷ ነካችና «እማዬ» አለች። እኔም መቀስ የምፈልግ መስዬ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልተከራከረችኝም። «አጥፋ» የሚባል ቃል ከፕሮግራሙ ተባረረ። ቀዩ «እንግዳውን ሸኝ» ሆነ። የዘንቢሉ «ደምስስ» ተባለና እጄ የማይደርስበት ተቀበረ። በኔ ትእዛዝ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ፤ እንግዳ ዝም ተብሎ አይሸኝምና፣ መጀመሪያ በትልልቁ «እንግዳው ይደር?» ብሎ ይጠይቃል። ሠርጉም በሰላም አለፈ። እንዲህ ነው፤ ማሽንም ቢሆን በወግ ሲያናግሩት ያምራል ብዬ ልጨርስላችሁ ነበር።

ምን ያደርጋል! ከሠርጉ በኋላ ላፕቶፑን ቤቴ ይዤ ገብቼ ሥራዬን ልዘጋ ስል፣ ጋሽ በዳዳ ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ልሂድ» አሉ። አፌ ሊከፈት ሲል ምላሴን ነከስኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም! በደስታ «ሸኝ» የሚለውን ተጫንኩ።

ጋሽ በዳዳ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ። ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እንግዳው... ይደር?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በአፍሽ ማለቱ ቢያሳፍርሽ ጽፈሽ ጠበቅሽኝ?» አሉ። ቦርሳቸውን አስቀመጡና፣ በገዛ ጣታቸው፣ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ።

ቃል፣ ያን «እንግዳውን አጥፋ» የሚለውን ቀይ ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው?