በስልክ የተጎበኘ ፏፏቴ

ከእናቱ ጋር ካልሆነ የማይጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ያውም እናትየው አዲስ አበባ ተቀምጠው! ስቶክሆልም ዳር ሁስቢ በሚባለው ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ ዳዊት እንዲህ ነው። የእናቱ ዓይን ስለደከመ ፎቶ አይልክላቸውም፤ የሄደበትን ቦታ ድምፅ ያሰማቸዋል። በሐምሌ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ያለውን ጥንታዊ የቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ልናይ ሄድን። ዳዊት ለእናቱ ደወለና ከእኔ ጋር መሆኑን ነግሯቸው፣ ሞባይሉን እዚያ ወዳለው ፏፏቴ ዘረጋ።

«ውይ ልጄን! በዚህ ዶፍ ውጭ ምን ትሠራለህ?» አሉ እናቱ።

«ዝናብ አይደለም እማዬ፤ ፏፏቴ ነው።»

«አታታልለኝ! የሐምሌን ዝናብ አጥቼው ነው? ቶሎ ተጠለል፤ ጓደኛህንም ይዘኸው ግባ!»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጄን ይዞ እየሮጠ ዛፍ ሥር አስገባኝ።

«ተጠልለናል እማዬ» አላቸው እያለከለከ።

«ተመስገን! በል አሁን ራስህን አድርቅ፤ ጉንፋን እንዳይዝህ።»

«እሺ» አለና ደረቅ ፀጉሩን በመሐረብ ይጠርግ ጀመር። መሐረቡን ሲያቀብለኝ እኔም የራሴን ጠረግሁ።