ደረቁንም አንሶላ የምታሳጥበው እትዬ

ሰው ለዕረፍት የሚሄደው ከአለቃው ለመሸሽ ነው ይባላል። ውሸት ነው። በየቤተሰቡ አንድ የአልጋ አለቃ አለ፤ ሻንጣ ከመውረዱ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚገባ፣ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስን፣ ውሳኔው ይግባኝ የሌለው። አንዳንዱ ቤት አጎት ነው፣ አንዳንዱ ቤት አማት። እኛ ቤት ትልቋ እህታችን ናት።

እትዬ እንላታለን። ልጆቻችንም ከእኛ ሰምተው እትዬ ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች፤ የመጨረሻዎቹን አስራ ሁለት ዓመታት በኃላፊነት። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ይህን ግን ለእሷ የነገራት ያለ አይመስልም።

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አራታችንም ከነቤተሰባችን ሐይቅ ዳር አንድ ቤት ተከራይተን ሳምንት እንቆያለን። ሦስት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ሳሎን፣ ሰባት ልጅ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ባልና ሚስት መኝታ ክፍል፣ ልጆች ሳሎን መሬት ላይ በየፍራሻቸው፣ እትዬ እዚያው ሶፋው ላይ። ለእትዬ ግን ቀላል የሚባል ሒሳብ የለም።

መኪና እንደቆመ ማንም ዕቃ አያወርድም። ክብርት የመኝታ ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ ሜትራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ብቻቸውን ይገባሉ። እኛ ፀሐይ ላይ ተገትረን እንጠብቃለን። ከሩብ ሰዓት በኋላ በመስኮት ብቅ ብለው "ፍራሽ አስገቡ! ረጅሙን አስቀድሙ!" ይላሉ። በየትራሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ፕላስተሩ ላይ ቁጥር ይጻፋል። ከአንሶላ ስር ላስቲክ ይነጠፋል። ተራጋጭ ከተራጋጭ ጎን አይተኛም። ወሬኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይተኛል፤ "ግድግዳ መልስ አይሰጥም" ትላለች። ቁጥር አራት ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው። ለምን ቁጥር አንድ እንዳልሆነ ጠይቀናት አናውቅም። እትዬ ምክንያት አትጠየቅም።

አንድ ዓመት ሾፌሩ ወንድሜ ልጁን መስኮት ስር ሊያስተኛ ሁለት ትራስ በስውር አቀያየረ። በየኬላው ተሳቢ ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ነው፤ ትራስ ግን ማሳለፍ አቃተው።

"ቁጥር ሁለት መስኮቱ ስር ምን ትሰራለች?" አለች እትዬ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

"እኔ ምን አውቄ! ራሷ ሄዳ ይሆናላ።"

"ትራስ እግር የለውም።"

በሌላ ዓመት አስተማሪዋ እህቴ በአየር የሚሞላ ፍራሽ ገዝታ መጣች። እትዬ በጉልበቷ ጫን አደረገችው። "ይሄ ጎማ ነው" አለች፤ "ለወንድምሽ መኪና ስጪው።"

ይህን ሁሉ እንችለዋለን። የማንችለው የማለዳውን ሕግ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ከበሩ አጠገብ ካለው ጀምሮ አንድ በአንድ ይቀሰቀሳሉ። በተራ ሽንት ቤት ይገባሉ፣ እዚያው የሌሊት ልብሳቸውን ቀይረው ይወጣሉ። ከዚያ ሰባቱም አንሶላ፣ ሰባቱም የሌሊት ልብስ ግቢ ውስጥ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ይነከራል። ቆሸሸ አልቆሸሸ፣ ረጠበ አልረጠበ። በየቀኑ።

"እትዬ፣ ደረቅ አንሶላ ለምን ይታጠባል?" ሾፌሩ በየዓመቱ ይጠይቃል።

"አንዱ ከታጠበ ሁሉም ይታጠባል።"

"የሆስፒታል አመል" ይላል እሱ፣ እሷ ከራቀች በኋላ።

ሕጉ ዱሮም ነበር። ልጆች ሳለን ትምህርት ሲዘጋ አጎታችን ቤት እንላክ ነበር፤ እኛ አራታችን ከአጎታችን ሦስት ልጆች ጋር። እትዬ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሰባት። ያኔም በማለዳ መቀስቀስ፣ ያኔም የሁሉም አንሶላ ወደ ሳፋ። "ይቺ ነርስ ሆና ነው የተወለደችው" ብለን አለፍነው። ሕጉን የሚወድ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ለምን እንደምወደው ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ከእትዬ ጋር ልጣላ ቆርጬ ነበር የሄድኩት።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ከቀየረ ወዲህ ሌሊት ፍራሽ ላይ መሽናት ጀምሯል። በሳምንት ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ። ሐኪሙ "ያልፋል" አለን። ልጁ "ያልፋል" የሚባል ነገር አይገባውም። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙሮ ይቆማል፤ ለብሶ እስኪወጣ ድረስ አያየንም። ለማንም እንዳንናገር ቃል አስገብቶናል።

የሾፌሩ ወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ራዲዮ እንላታለን። ያየችውን ታሰራጫለች፣ ያላየችውን ትገምታለች። አምና የአስተማሪዋ ልጅ ተኝቶ ምራቁ ሲወርድ አይታ "ቧንቧው" የሚል ስም አወጣችለት። ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም ቧንቧው ነው፤ የወለደችው እናቱ ሳትቀር አንዳንዴ ያመልጣታል። ለእኔ ልጅ ምን ዓይነት ስም እንደምታወጣ ለማሰብ እንኳ አልፈለግሁም። ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ወሰንን፤ ልጁ ከእኛ ጋር ይተኛል፣ አለቀ።

ፍራሹን ተሸክሜ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ እትዬ ከነሜትሯ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ልጁ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ነው የሚተኛው፣ እትዬ።"

"ምክንያት?"

"ያስለዋል።"

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ልጁ ደረት ላይ ለጠፈች። "ተንፍስ። እንደገና።" ቀና አለች። "ንጹሕ ነው። ቁጥር አራት፣ ከበሩ አጠገብ።"

"ጨለማም ይፈራል።"

"እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ጨለማው ይፍራኝ።"

"እትዬ፣ አባቱ እኮ እኔ ነኝ!"

"አንተን ያሳደግኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። አምጣ ፍራሹን።"

አልሰጠኋትም። ክፍላችን አስገብቼ ሻንጣ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ፍራሹ ሳሎን ነው። መልሼ ወሰድኩት። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሳሎን ተነጥፎ፣ ላስቲክና አንሶላ ለብሶ ጠበቀኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ላነሳው ጎንበስ ስል እላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

ባለቤቴ መጣች። "እትዬ፣ እባክዎ፣ ለዘንድሮ ብቻ" አለቻት።

"የኔ እመቤት፣ መንገዱ አድክሞሻል። ግቢና ጋደም በይ።"

የፍራሹን ጫፍ ይዤ ከስሯ ልጎትት ስል ልጄ እጄን ጎተተኝ። ደረቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ፕላስተሩ ላይ 4 ተጽፏል።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ቁጥር አራት ነኝ!"

ይስቃል። ከሳምንታት ወዲህ ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያው ነበር። ፍራሹን ለቀቅኩ።

ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን የስልኬን ማንቂያ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሞልቼ ነበር፤ ራዲዮ ሳትነቃ አንሶላውን ገፍፌ ልሰውር። ማንቂያው ጮኾ መልሶ እንቅልፍ ጣለኝ፤ በባዶ እግሬ ወደ ሳሎን ስገባ ተቀድሜያለሁ። ሰባቱም ፍራሽ ባዶውን ነው፤ ሰባቱም ላስቲክ ተወልውሏል። ልጆቹ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመው እንቅልፍ ያንጎላጅጃቸዋል። ልጄ ሁሉንም አጠናቆ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

ራዲዮ በአፍንጫዋ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገች። "እትዬ፣ ማታ ሰው ሸንቷል እንዴ? የሆነ ነገር ሸተተኝ።"

ልጄ ፊቱን ወደ ሶፋው ጀርባ አዞረ።

"ሰባቱም አንሶላ ሳፋ ውስጥ ነው" አለች እትዬ። "ሰባቱም እርጥብ ነው። ሂጂና ለይተሽ አምጪልኝ።"

ራዲዮ በመስኮት ሳፋውን አየች። ከዚያ ስርጭቷን አቋርጣ ወደ ሽንት ቤት ገባች። ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱን አልደበቀም፤ ቀጥ አድርጎ አየኝ።

ግቢ ስወጣ እትዬ እጅጌዋን ሰብስባ ታሻለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። መንገድ ላይ ቆመን ልጁ ውሃ ሲላችሁ ከለከላችሁት። በዚያ ሙቀት ልጅ ውሃ ለምን እንደሚከለከል አላውቅም መሰለህ? ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ።"

"እሺ።" እጄን ሳፋው ውስጥ ከትቼ ማሸት ጀመርኩ። "ለካ ይሄ የሆስፒታል ሕግ ጥሩ ኖሯል።"

"የምን ሆስፒታል?" አለች፣ አንሶላ እየጨመቀች። "ሆስፒታል የረጠበውን ብቻ ነው የምንቀይረው። ደረቅ አንሶላ የሚያጥብ ሆስፒታል የት አይተህ ታውቃለህ?"

እጄ ሳፋው ውስጥ ቀረ። አጎታችን ቤት ቁጥር የሚሰጠን በዕድሜ ነበር። እትዬ አንድ፣ ሾፌሩ ሁለት፣ አስተማሪዋ ሦስት። አራት እኔ፤ የአጎታችን ልጆች ከእኔ በታች። ከበሩ አጠገብ የምተኛው እኔ፣ መጀመሪያ የምቀሰቀሰው እኔ። በየማለዳው እርጥብ አንሶላዬ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሳፋ ሲገባ እያየሁ "ዕድሌ!" እል ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ማንም እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

"እትዬ" አልኳት፣ "ቁጥር አራት ከበሩ አጠገብ የሆነው ለምንድን ነው?"

የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች አየችኝ። ከዚያ የተጨመቀውን አንሶላ ወረወረችልኝ።

"ጫፉን ያዝ።"

ያዝኩ።

በማግስቱ ሰባቱንም አንሶላ ሳፋ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ እየተንጠራራ ወጣና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

"አንተም ተጋባብህ? ደረቅ አንሶላ ለምን ይታጠባል፣ ወንድሜ?"

"አንዱ ከታጠበ ሁሉም ይታጠባል" አልኩት። "ይልቅ ና፣ ጫፉን ያዝ።"

እያጉረመረመ ያዘ። ገመዱ ላይ ሰቅለን ሳንጨርስ እትዬ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ አንሶላውን ከላይ እስከ ታች ለካችው፣ በዓይኗ።

"ተጣሟል" አለች። "አውርዱትና እንደገና ስቀሉት።"

አወረድነው።